ከ301 እስከ 310

ስለ ኢራናዊው የፓራ ፓወርሊፍቲንግ ሻምፒዮን ሲያማንድ ራህማን ለመጻፍ የተነሳች አንዲት ወጣት ጸሐፊ፣ ክብደት ማንሳትን ሲዳኙ የኖሩ አጎቷን ቤታቸው ድረስ ሄዳ አነጋገረቻቸው። ሁለቱም የሰውየውን ውድድሮች በቪዲዮ ደጋግመው አይተዋል። የተለያዩት በአጻጻፉ ላይ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ እኔ ከሪዮ ልጀምር ነው። ሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2016፣ ከ107 ኪሎ በላይ ምድብ፣ 310 ኪሎ። በፓራ ፓወርሊፍቲንግ 300ን የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው። ከዚህ የተሻለ መግቢያ ከየት ይመጣል?

ዳኛው፦ ከሪዮ ከጀመርሽው ሰውየው ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል። እኔ ብሆን ለንደንን ነበር የማስቀድመው። 2012 ላይ 280 ኪሎ አንስቶ ወርቁን በእጁ ካስገባ በኋላ 301 ይጫንልኝ አለ። ውድድሩ አልቋል እኮ! የሚከተለው ሰው ከኋላው ሩቅ ነው። 301 ካላነሳህ ብሎ የሚያስገድደው አልነበረም። ጠየቀ፣ ተጫነለት፣ ሞከረ፣ አልወጣለትም።

ጸሐፊዋ፦ ያልተሳካ ሙከራ ለመግቢያ?

ዳኛው፦ አዎ። የሚቀጥሉትን አራት ዓመታት የሚያስረዳልሽ እሱ ነው። ከለንደን በኋላ የመጣውን ተከተይ። 2014 ዱባይ ላይ፣ በዓለም ሻምፒዮና፣ 285 ተኩል። በዚያው ዓመት ኢንቼዮን ላይ፣ በእስያ ፓራ ጨዋታዎች፣ 292። 2015 አልማቲ ላይ 296። ከዚያ ሪዮ። በዚያ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ሦስት አራት ኪሎ መጨመር የወራት ልፋት ነው፤ አንዳንዱ ዓመት ሙሉ ለፍቶም አያገኘውም። ቁጥሮቹን ደርድረሽ ስታያቸው የጠንቃቃ ነጋዴ ደብተር ይመስላሉ። ለንደን ላይ በአንድ ትንፋሽ 21 ኪሎ ሊዘል የሞከረው ሰው፣ ያንኑ መንገድ ደረጃ በደረጃ ወጣው። እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው። ጉልበት ያላቸው ብዙ አይቻለሁ። ስንት ልጠይቅ የሚለውን የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው።

ጸሐፊዋ፦ ሪዮ ላይስ እንዲሁ በጥንቃቄ ነበር? በአንድ መድረክ ከ296 ወደ 310፣ 14 ኪሎ ነው እኮ የጨመረው።

ዳኛው፦ እዚያማ የሰበሰበውን አወጣው። በዚያው ቀን የራሱን ክብረ ወሰን ደጋግሞ ከፍ አደረገው። ሁለተኛ የወጣው ግብፃዊው አምር ሞሳድ ያነሳው 235 ነው። ልዩነቱን አስቢው፤ 75 ኪሎ! አንድ ሙሉ ሰው ማለት ነው። ይህ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ከአጠገብሽ ተፎካካሪ ሲኖር እሱ ይገፋሻል፤ እሱ ስንት ጠየቀ ብለሽ ቁጥርሽን ትመርጫለሽ። ራህማን ግን ብቻውን ነበር። ራሱን ካላስቸገረ የሚያስቸግረው አልነበረም።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ አንባቢ የሚጠይቀውን ልጠይቅዎ። 310 ኪሎ ትልቅ ነው፤ ግን ጉዳት የሌለበት ሰው ከዚያም በላይ አንስቷል። ሩሲያዊው ኪሪል ሳሪቼቭ በ2015 በቤንች ፕሬስ 335 ኪሎ አንስቷል። ታዲያ የራህማን የት ላይ ነው የሚቀመጠው?

ዳኛው፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ አይደሉም የሚል ነው። በተለመደው ቤንች ፕሬስ ተወዳዳሪው እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይገፋል። ያ ግፊት በጭኑ አልፎ፣ በዳሌው አልፎ ትከሻው ላይ ይደርሳል። ሰው ቤንች ፕሬስን የእጅና የደረት ሥራ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ከባድ ባር ያነሳ ግን እግሩ ምን ያህል እንዳገዘው ያውቃል። በፓራ ፓወርሊፍቲንግ ያ የለም። ተወዳዳሪው ሁለቱንም እግሮቹን ቤንቹ ላይ ዘርግቶ ይተኛል፤ በቀበቶም ሊታሰር ይችላል። ተረከዙም ከቤንቹ መነሳት የለበትም። ያ ሁሉ ብረት ከወገብ በላይ ባለው አካል ብቻ ነው የሚወጣው።

ጸሐፊዋ፦ እርስዎ በዳኝነት ቢቀመጡ ምኑን ነው የሚያዩት? እኔ ቪዲዮውን ሳይ ዓይኔ ፊቱ ላይ ይቀራል።

ዳኛው፦ ፊቱ ምንም አይነግርሽም። ክርኑን ነው የማየው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። መድረኩ ዝግጁ ነው ተብሎ ከተጠራ ሁለት ደቂቃ አለው። ባሩ 20 ኪሎ ነው፤ ዲስኮቹን የሚያጠብቁት ሁለቱ መቆለፊያዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ተኩል። ስለዚህ 310 ስትይ በእያንዳንዱ ጎን 142 ኪሎ ተኩል ዲስክ ተሰክቷል ማለት ነው። ባሩ መሐሉ ላይ ሲጎብጥ፣ ሁለት ጫፉ ወደ ታች ሲንጠለጠል በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ክርኑን ቆልፎ ይዞ ዋናው ዳኛ ጀምር እስኪለው ይጠብቃል። ይህ መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው። ከዚያ ወደ ደረቱ ያወርዳል። ደረቱ ላይ ባሩ ፀጥ ማለት አለበት፤ ነጥሮ ከተመለሰ አይቆጠርም። ከዚያ ይገፋል፤ ሁለቱ እጆች እኩል እየተዘረጉ መውጣት አለባቸው። አንደኛው ክርን ቀድሞ ሌላው ከዘገየ፣ ቢያወጣውም ቀይ መብራት ነው። ከሦስት ዳኞች ሁለቱ ነጭ ካላበሩ የለም።

ጸሐፊዋ፦ የራህማን ክርኖች?

ዳኛው፦ እኩል ነበሩ። 310ሩ ላይ እንኳ። ያ ሁሉ ክብደት ያለበት ሰው ክርኑ ትንሽ ቢዛነፍ አይፈረድበትም ትያለሽ፤ ደንቡ ግን ይፈርድበታል። ደረቱ ላይ ያቆማትን ቅጽበት ተመልከቻት። 310 ኪሎ ደረትሽ ላይ ጭነሽ ፀጥ ማለት ምን እንደሆነ የሞከረ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጸሐፊዋ፦ ሪዮን ካነሳን አይቀር፣ የእኛው ታምሩ ደምሴም እዚያ ነበር። ራህማን 310 ከማንሳቱ ከሦስት ቀን በፊት፣ የማየት ጉዳት ባለባቸው ሯጮች በቲ13 ምድብ 1500 ሜትር ብር አገኘ። አልጄሪያዊው አብደላጢፍ ባካ በ3:48.29 አሸነፈ፤ ታምሩ በ3:48.49 ገባ። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ያሉት ሁሉ ከኦሊምፒኩ አሸናፊ ፈጥነው ነው የጨረሱት፤ እሱ በ3:50.00 ነው የገባው። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ያወራው ይህን ነበር። ታዲያ ለራህማንም እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ባገኝ አንባቢ ቶሎ ይገባዋል ብዬ ነው።

ዳኛው፦ ቶሎ ይገባዋል፤ ግን የሚገባው ሌላ ነገር ነው። የኦሊምፒኩ ፍጻሜ ያን ቀን በዝግታ የተሮጠ ነበር። ማቲው ሴንትሮዊትዝ ፊት ይዞ ፍጥነቱን አረጋግቶ፣ ሁሉም የመጨረሻውን ዙር ሲጠባበቅ ነው ያለቀው። የእነ ባካና የእነ ታምሩ ግን ከመነሻው ጀምሮ ተግተው የሮጡት ነበር። ታምሩ ትልቅ ሯጭ ነው። ትልቅነቱን ለማሳየት ከሌላ ሰው ዘገምተኛ ውድድር መበደር አያስፈልገውም። ራህማንም እንዲሁ፤ ከሳሪቼቭ ጋር ብታቆሚው ወይ ታሳንሺዋለሽ፣ ወይ ሰበብ ትደረድሪለታለሽ። በራሱ ደንብ፣ በራሱ ቤንች ላይ ነው የሚመዘነው። እዚያ ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም።

ጸሐፊዋ፦ እዚህ ላይ ግን አልስማማም ጋሼ። እርስዎ ጉዳቱን ጨርሶ ከታሪኩ ማውጣት የፈለጉ ይመስለኛል። ሰውየው በ1988 በኖውሩዝ ዕለት፣ በኢራናውያን አዲስ ዓመት ቀን፣ ኦሽናቪየ በምትባል የኩርዶች ከተማ ነው የተወለደው። በምዕራብ አዘርባጃን ክፍለ ሀገር፣ ድንበር ላይ። እግሩ ላይ ጉዳት ያለበት ልጅ ከእንዲህ ያለ ጥግ ተነስቶ የዓለም ሻምፒዮን እስኪሆን ያለውን መንገድ ዝም ብዬ ላልፈው ነው?

ዳኛው፦ እንድታወጪው አልፈልግም። የት እንደምታስቀምጪው ነው የማነሳብሽ። ይህ ስፖርት ጉዳትን በአንድ በር አስገብቶ የሚጨርስ ስፖርት ነው። ፖሊዮ ይሁን፣ እግር መቆረጥ ይሁን፣ የአከርካሪ ጉዳት ይሁን፣ አጭር ቁመት ይሁን፣ ባለሙያዎቹ መርምረው ከዝቅተኛው መስፈርት ጋር ያስተያዩታል። ካለፈ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ምድቡ በሰውነት ክብደት ብቻ ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ በጎደለው አካል ልክ ይታሰብለታል። ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ ማንም ማንንም ምን ሆነህ ነው ብሎ አይጠይቅም። ስንት ነው የምታነሳው ነው ጥያቄው። አንቺም በዚያው ልክ ብትጽፊ ደስ ይለኛል።

ጸሐፊዋ፦ ሚዛኑ ላይ ለመውጣት ግን መጀመሪያ ጂም ውስጥ መግባት አለበት። የሰፈራችንን ጂም ያውቁታል? አንድ ልጅ አለ፣ በክራንች የሚሄድ፤ ሁለቱም እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው። ክንዱን ግን ቢያዩት! ቤንቹ ላይ ይተኛና እግሮቹ በግራና በቀኝ ይንሸራተታሉ፤ መሬት ረግጠው አይደግፉትም። ባሩ ወደ ደረቱ ሲወርድ ወገቡ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ጓደኛው ቤንቹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ጉልበቶቹን እቅፍ አድርጎ ይይዝለታል። የጂሙ ሰው መጥቶ ይህ ላንተ የሚሆን ስፖርት አይደለም አለው። ልጁ ምንም አልመለሰለትም፤ ዝም ብሎ ሌላ ዲስክ ጨመረ። እኔ ስለ ራህማን መጻፍ የፈለግሁት የዚያን ቀን ነው።

ዳኛው፦ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ! ልጁ ላይ ምንም ችግር የለም። ቤንቹ ነው ጠባብ። የጂም ቤንች የተሠራው እግሩን መሬት ለሚረግጥ ሰው ነው። የውድድሩ ቤንች ዋናው ክፍሉ 61 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ እግር እንዲዘረጋበት። ወደ ራስ ሲደርስ ብቻ ወደ 30 ሴንቲሜትር ተኩል ይጠባል፤ ትከሻ እንዲንቀሳቀስ።

ጸሐፊዋ፦ ስለዚህ እርስዎም እኔም እውነት አለን። ሚዛኑ ላይ ጉዳቱ አይጠየቅም፤ ሚዛኑ ዘንድ እስኪደረስ ግን ሁሉ ነገር ነው። ታሪኩን ስጽፍ ሁለቱንም ነው የምጽፈው።

ዳኛው፦ ጻፊው። ታሪክ ካነሳሽ ደግሞ ስፖርቱ ራሱ በሩን የከፈተው በየተራ እንደሆነ አትርሺ። በ1964 የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ክብደት ማንሳት ሲጀመር የተፈቀደው የአከርካሪ ጉዳት ላለባቸው ወንዶች ብቻ ነበር። ፓወርሊፍቲንግ በ1984 ተጨመረ፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ ብቸኛው ሆኖ ቀረ። ሴቶች የገቡት በ2000 ሲድኒ ላይ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ሴቶቹን ሊያልፏቸው ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

ዳኛው፦ ኧረ በጭራሽ! ፉክክር ማየት ከፈለግሽ እነሱ ዘንድ ነው። ግብፃዊቷን ፋትማ ኦማርን ውሰጂ፤ ከሲድኒ እስከ ለንደን አራት ፓራሊምፒክ፣ አራት ወርቅ። ናይጄሪያዊቷ ሉሲ ኤጂኬ ደግሞ በሕፃንነቷ ፖሊዮ የያዛት፤ ሲድኒ ላይ ብር፣ አቴንስና ቤጂንግ ላይ ወርቅ፣ ለንደን ላይ እንደገና ብር። ሁለቱ ሪዮ ላይ በ61 ኪሎ ምድብ ተገናኙ። ሉሲ 142 ኪሎ አንስታ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቁን ወሰደች፤ ፋትማ በ140 ሁለተኛ ሆነች። ሁለት ኪሎ! እዚያ ላይ እያንዳንዱ ሙከራ ሒሳብ ነው፤ አንዷ ስትጠይቅ ሌላዋ ትቀይራለች። የሉሲ ሥራ ከመጀመሪያው ሜዳሊያ እስከ ሪዮ 16 ዓመት ነው፤ ከዚያም ቶኪዮ ላይ ነሐስ ጨምራለች። ትከሻና ክርን ይህን ያህል ዘመን እንዲያገለግሉ መጠበቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እንደ ራህማን በጉልምስናው መጀመሪያ ላይ ያለፈ ሰው ይህን ሊያሳየን አልታደለም።

ጸሐፊዋ፦ ወደዚያ ልመጣ ነበር። ማርች 1 ቀን 2020፣ 31 ዓመቱ። 32 ሊሞላው ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። የልብ ሕመም ነው የተባለው። እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ቸግሮኛል። አንዳንዱ ሰው ያ ሁሉ ክብደት ገደለው ይላል።

ዳኛው፦ እንዳትይው። ሐኪሙ አይደለሽም፤ እኔም አይደለሁም። የተጻፈው የልብ ሕመም ነው፤ እዚያው ላይ አቁሚ።

ጸሐፊዋ፦ ግን ጥያቄው ተገቢ አይደለም? ከ107 በላይ የሚባለው ምድብ ጣሪያ የለውም። በገዘፍህ ቁጥር ብዙ ለማንሳት ይጠቅምሃል። እንደዚያ ሆኖ መኖር ለማንም ልብ ቀላል ነው?

ዳኛው፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለ ምድቡ በጠቅላላው ጠይቂው። ከባድ ተወዳዳሪዎችን የሚያሠለጥን ሁሉ ልባቸውን በየጊዜው ማስመርመር አለበት፤ ይህን እኔም በኃይል እላለሁ። በእሱ ሞት ላይ ለጥፈሽ ግን ፍርድ አትስጪ። ቤተሰቡ ያነበዋል ብለሽ ጻፊ። እኔ ያን ዜና የሰማሁ ዕለት በጣም ነው ያዘንኩት። ገና ነበር። ቶኪዮ ሦስተኛ ወርቁን ሊፈልግ የሚችልበት ዓመት ነበር፤ ውድድሩ ወደ 2021 የተላለፈው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። የዓለም ሻምፒዮናውን በ2017 ሜክሲኮ ሲቲ፣ በ2019 ኑር ሱልጣን አሸንፎ ነበር።

ጸሐፊዋ፦ ከእሱ በኋላ ምድቡ ምን ሆነ?

ዳኛው፦ ያን በቁጥር ነው የምነግርሽ። ቶኪዮ ላይ ዮርዳኖሳዊው ጀሚል ኤልሸብሊና ኢራናዊው ማንሱር ፑርሚርዛኢ ሁለቱም 241 አነሱ፤ ሰውነቱ ቀለል ያለው ዮርዳኖሳዊ ወርቁን ወሰደ። ኤልሸብሊ ማን እንደሆነ አስታወስሽ? ሪዮ ላይ ሦስተኛ የነበረው ነው። እሱም ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ወርቁ ይገባዋል። ፓሪስ 2024 ላይ ኢራናዊው አህመድ አሚንዛዴህ በ263 አሸነፈ። 310 እዚያው እንዳለ ነው። ግን ፉክክሩ ተመልሷል። ራህማን ባለበት ዘመን ሌሎቹ ለብር ነበር የሚመጡት።

ጸሐፊዋ፦ ይህን ሲሉ ደስታም ኀዘንም ያለብዎት ይመስላል።

ዳኛው፦ ለእነሱ ደስ ይለኛል። ግን 320 ላይ ማየት እፈልግ ነበር። አሁን ይህን ትተን ልጁን ንገሪኝ። ስንት ነው የሚያነሳው?

ጸሐፊዋ፦ 80 ሲያነሳ አይቼዋለሁ። ግን እርስዎ እንዳሉት ደረቱ ላይ አያቆመውም፤ ያነጥረዋል።

ዳኛው፦ በመሣቀቁ ነው። ወገቡ የሚዞርበት ሰው ባሩን ደረቱ ላይ ሊያቆም አይደፍርም። ብየዳ ቤት የሚያውቅ ሰው አለሽ?

ጸሐፊዋ፦ መንገዱ ማዶ አለ። በርና መስኮት የሚሠሩ።

ዳኛው፦ ይበቃሉ። ጻፊ፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ስፋቱ 61 ሴንቲሜትር፣ የራስጌው 30 ተኩል። እግሮቹ ወፍራም ብረት ይሁኑ፤ ወዲያና ወዲህ የሚል ቤንች ላይ ሰው አላስተኛም። ለቀበቶ ከሁለቱም ጎን ማሰሪያ ይበየድለት። ልጁ ደግሞ 80ውን ይርሳው። በባዶ ባር ጀምሮ፣ አውርዶ፣ ደረቱ ላይ አቁሞ፣ እኩል መግፋት ይልመድ፤ ዲስኩ በኋላ ይደርሳል።

ጸሐፊዋ፦ እርስዎ ካልመጡ የጂሙ ሰው ቤንቹን ማስቀመጫ ቦታ የለኝም ይላል።

ዳኛው፦ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፤ ሜትር ይዤ ቦታውን ራሴ እለካለታለሁ። ጓደኛውንም አስቀሪው፤ ቤንቹ እስኪሠራ ጉልበቱን የሚይዝለት እሱ ነው፤ አያያዙን ላሳየው እፈልጋለሁ።